ለአረጋውያን ተጫዋቾች የሚስማማ የጎልፍ ዱላ
አስመጪውና ባለሱቁ ሊያውቁት የሚገባ

ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ ደንበኛ ወደ ስፖርት ዕቃ መሸጫ ገብተው የጎልፍ ዱላ ሲጠይቁ የሚሆነው ነገር በብዙ አገር ያው ነው። ሻጩ ስሙ የታወቀውንና ዋጋው ከፍ ያለውን፥ በማስታወቂያ ላይ ጕልበታም ወጣቶች ሲመቱበት የሚታየውን ዱላ ከመደርደሪያው አውርዶ ያቀርባል። ደንበኛውም ለዕድሜያቸው የሚስማማ ሌላ ዕቃ እንዳለ ቢጠረጥሩ እንኳ፥ «የሽማግሌ ዱላ አምጣልኝ» ብለው መጠየቅ ይከብዳቸዋል። ሻጩም በበኩሉ «ለእርስዎ ቀለል ያለው ይሻላል» ብሎ መናገርን እንደ ድፍረት ይቈጥረዋል። በሁለቱ ዝምታ መካከል ሽያጩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዱላዎቹ ከቤት ጥግ ተደግፈው ይቀራሉ። ኳሱ ከመሬት አልነሣ ብሏል፤ ክርናቸውም ማታ ማታ ያማቸው ጀምሯል። እሳቸውም ለጓደኞቻቸው «እንግዲህ ጎልፍ ለእኛ አበቃ» ይላሉ። ይሁን እንጂ ዕድሜ ወሰደው የተባለውን ጨዋታ በእርግጥ የወሰደው ያልተስማማ ዱላ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ሳይለካ የተገዛ ዕቃ ብዙ አያገለግልም። ጕዳቱም የገዢው ብቻ አይደለም። ባለሱቁ ለብዙ ዓመት ኳስና ጓንት ሲገዙት ሊኖሩ ይችሉ የነበሩትን ደንበኛ ያጣል፤ አስመጪውም ለወጣት የታሰበ ዕቃ በመጋዘኑ ተከምሮ ገንዘቡ ይታሰርበታል።

ጎልፍ ሰው እስከ እርጅናው ድረስ ሊጫወታቸው ከሚችላቸው ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ ነው። አሜሪካዊው ሳም ስኒድ እ.ኤ.አ. በ1979 ዕድሜያቸው 67 ዓመት ሳለ፥ ከወጣት ባለሙያዎች ጋር በተሰለፉበት ውድድር አንዱን ቀን በ67 ምት፥ ሌላውን ቀን በ66 ምት ጨርሰዋል። ቶም ዋትሰንም እ.ኤ.አ. በ2009 በስኮትላንድ ተርንቤሪ በተደረገው የኦፕን ውድድር፥ በ59 ዓመታቸው አራቱን ቀን ከስቱዋርት ሲንክ ጋር እኩል ፈጽመው በተጨማሪው ጨዋታ ብቻ ተሸንፈዋል። እነዚህ እርግጥ ከሺህ አንድ የሚገኙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ሰውን ከሜዳ እንደማያስወጣ ምስክሮች ይሆናሉ። የቀረው፥ ዱላው ከባለቤቱ ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው።

ዕድሜ የሚለውጠው ምንድን ነው?

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጡንቻው ይቀንሳል፤ ወገቡና ትከሻው እንደ ቀድሞው አይዞሩም፤ የጣቶቹና የእጁ አንጓ መገጣጠሚያዎች በቁርጥማት ሊያዙ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ዱላውን የሚሰነዝርበት ፍጥነት ይቀንሳል። የጎልፍ ኳስ የሚሄድበት ርቀት ከሁሉ በላይ የሚወሰነው ደግሞ የዱላው ራስ ኳሱን በሚያገኝበት ጊዜ ባለው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ሲያንስ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበርና ቶሎ ይወድቃል።

ለዚህ መድኃኒቱ ተጫዋቹ የበለጠ እንዲታገል ማድረግ አይደለም። በታገለ ቍጥር አመታቱ ይበላሻል፤ መገጣጠሚያውም ይጐዳል። መድኃኒቱ ከዱላው ዘንድ ሲፈለግ በአራት ነገር ይጠቃለላል፤ ይኸውም ቀላል ዘንግ፥ በደንብ የሚለመጥ ዘንግ፥ ፊቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ያዘነበለ ራስ፥ ለእጅ የሚመች መያዣ ነው።

ይህ ሁሉ በቀድሞ ዘመን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የጥንቱ ዘንግ ሂኮሪ ከሚባለው እንጨት ይሠራ ነበር። የብረት ዘንግ በአሜሪካ በ1920ዎቹ ተፈቅዶ፥ በስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስ ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ እ.ኤ.አ. በ1929 ከተቀበለው ወዲህ ሂኮሪ ከገበያ ወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከካርቦን ክር የሚሠራው የግራፋይት ዘንግ ወደ ገበያ ገባ። በራሱም በኩል ለውጡ ትልቅ ነው። በኖርዌይ የተወለደው መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም እ.ኤ.አ. በ1959 በካሊፎርኒያ በቤቱ ጋራዥ ዱላ መሥራት ጀምሮ፥ የራሱን ክብደት ከመካከል ወስዶ ወደ ጠርዙ ማከፋፈልን አስፋፋ። የዚህ ጥቅም፥ ኳሱ የዱላውን ፊት መካከል ስቶ ቢመታም ራሱ በእጅ ውስጥ እንደ ቀድሞው አለመጠማዘዙና የምቱ ኃይል ብዙ አለመባከኑ ነው። በተለይ ዐይኑና እጁ እንደ ድሮው ለማይታዘዙት ሰው ይህ ትልቅ ዕርዳታ ነው።

ስለ ዘንግ

የብረት ዘንግ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 130 ግራም ይመዝናል። ለአረጋውያን የሚዘጋጀው የግራፋይት ዘንግ ግን ከ50 እስከ 65 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ በሚዛን ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን ዱላውን ሲያነሣና ሲሰነዝር ከመቶ ጊዜ በላይ ሊደርስ ስለሚችል፥ ማታ ትከሻው ሒሳቡን ያውቀዋል። ከዚህም ሌላ ግራፋይት ዱላው መሬት ሲመታ የሚፈጠረውን ንዝረት ያበርዳል። ክርኑን ወይም የእጁን አንጓ ለሚያመው ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

የዘንጉ መለመጥ በላቲን ፊደል ይመለከታል። ከሁሉ ይበልጥ የሚለመጠው L፥ ቀጥሎ ለአረጋውያን የታሰበው A፥ ከዚያም መካከለኛው R፥ ጠንካራው S፥ እጅግ ጠንካራው X ይባላል። አንዳንድ ሠሪዎች በ A ፈንታ M የሚለውን ይጽፋሉ። በግምት ሲነገር፥ ትልቁን ዱላ፥ ማለት ድራይቨሩን፥ በሰዓት ከ120 እስከ 137 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚሰነዝር ሰው A፥ ከ137 እስከ 153 ለሚሰነዝር R ይስማማል፤ ከ120 በታች ለሆነው L ቢሰጠው ይሻላል።

አስመጪው እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ለእነዚህ ፊደላት በዓለም ላይ አንድ የተወሰነ መለኪያ የለም። የአንዱ ፋብሪካ A ከሌላው ፋብሪካ R ጋር ሊተካከል ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ፋብሪካ ዕቃ የሚያዝዝ ነጋዴ ፊደሉን ብቻ አምኖ ማዘዝ አይገባውም፤ የዘንጉን ክብደት በግራምና የፋብሪካውን የፍጥነት ሰንጠረዥ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከስሕተት ይድናል።

ስለ ራስና ስለ ዱላዎች ብዛት

የዱላው ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለበት መጠን በዲግሪ ይለካል። ፈጣን መቺ 9 ዲግሪ በሆነ ድራይቨር ኳሱን ወደ ሰማይ ሊሰደው ይችላል። ዘገምተኛ መቺ ግን በዚያው ዱላ ኳሱን በሣር ላይ ያንከባልለዋል። ለእንደዚህ ያለው ሰው 12 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለው ይሻለዋል። ብዙ ሰዎች ትንሽ ዲግሪ ሩቅ ይወስዳል ብለው ያምናሉ፤ ፍጥነት ለሌለው ሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ረጃጅሞቹ አይረኖች፥ ማለት 3ኛውና 4ኛው፥ ለአረጋውያን ተጫዋቾች በጣም አስቸጋሪዎች ናቸው። ራሳቸው ቀጭን፥ ፊታቸውም ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ኳሱን ለማንሣት ፍጥነት ይፈልጋሉ። በእነዚህ ፈንታ ሃይብሪድ የሚባለው ዱላ ይመረጣል። ሃይብሪድ የአይረንን ርዝመት ከትልቁ ዱላ ወፍራም ራስ ጋር ያጣመረ ሲሆን፥ ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ስለሚያርፍ ኳሱን በቀላሉ ያነሣል። ብዙዎች 5ኛውንና 6ኛውን አይረን እንኳ በዚህ ይተካሉ።

የጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ ይዞ እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ወሰን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938፥ በብሪታንያ በ1939 የጸና ነው። ነገር ግን 14 መሙላት ግዴታ አይደለም። ለአንድ አረጋዊ ተጫዋች 11 ዱላ ይበቃል፤ ይኸውም 12 ዲግሪ የሆነ ድራይቨር አንድ፥ «የእንጨት» የሚለው የጥንት ስማቸው ሳይለወጥ ዛሬ ከብረት ከሚሠሩት 5ኛውና 7ኛው፥ ሃይብሪድ ሁለት፥ 7ኛው፥ 8ኛውና 9ኛው አይረን፥ አጭር ምት የሚመታበት ፒቺንግ ዌጅ፥ ከአሸዋ የሚያወጣው ሳንድ ዌጅ፥ በመጨረሻም ኳሱን ወደ ጕድጓዱ የሚያስገባው ፓተር ነው። ከረጢቱም ይቀላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

እዚህም ላይ ነጋዴው በቍጥር እንዳይታለል ያስፈልጋል። በቀድሞ ዘመን 7 ቍጥር አይረን ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ያህል ነበረ። ዛሬ በብዙ ፋብሪካ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሆኗል። በአዲሱ 7 ቍጥር ኳሱ ራቀ ብሎ የሚደሰት ደንበኛ በእውነቱ የድሮውን 6 ወይም 5 ቍጥር መያዙ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲታዘዝ የእያንዳንዱ ዱላ ዲግሪ የተጻፈበት ዝርዝር አብሮ መጠየቅ አለበት።

ስለ መያዣና ስለ ርዝመት

ከዱላው ክፍሎች ሁሉ ዋጋው ርካሽ፥ ጥቅሙ ግን ትልቅ የሆነው መያዣው ነው። ጣቶቹን ቁርጥማት የያዘው ሰው ቀጭን መያዣ ሲይዝ አጥብቆ ለመጨበጥ ይገደዳል፤ ሲያጠብቅ ክንዱ ይደርቃል፤ ክንዱ ሲደርቅ ፍጥነቱ ይጠፋል። ከመደበኛው በ1.6 ሚሊ ሜትር የወፈረው መካከለኛ መያዣ ወይም በ3.2 ሚሊ ሜትር የወፈረው ትልቁ መያዣ ይህን ችግር ያቃልላል። ክር የተቀላቀለበት ሻካራ መያዣ ለላብ ቢያመችም ለታመመ እጅ አይሆንም፤ ለስላሳው ጎማ ይመረጣል። ለቀኝ እጅ መቺ የሚሆነው ቀላል ፈተና ይህ ነው። ደንበኛው ዱላውን በግራ እጃቸው ሲጨብጡ የመካከለኛውና የቀለበት ጣታቸው ጫፍ የመዳፋቸውን ሥጋ በጥቂቱ መንካት አለበት። ጠልቆ ከገባ መያዣው ቀጥኗል፤ ካልደረሰ ደግሞ ወፍሯል ማለት ነው። እጃቸውን ለሚያማቸው ግን ትንሽ ወፈር ቢል ይሻላል።

ርዝመትን በሚመለከት፥ ማንኛውም ሽማግሌ ከዘራ ሲገዛ መሬት ላይ ተክሎ በቁመቱ ይለካዋል እንጂ የጎረቤቱን ልክ አይጠይቅም። ለጎልፍ ዱላም ሕጉ ያው ነው። ደንበኛው ጫማቸውን እንዳደረጉ ቀጥ ብለው ቆመው ከእጃቸው አንጓ እስከ ወለሉ ያለው ርቀት ይለካል፤ የፋብሪካው ሰንጠረዥም ከዚህ ልክ ጋር የሚስማማውን ርዝመት ያሳያል። ረጅም ድራይቨር በወረቀት ላይ ፍጥነት ይጨምራል፤ በሜዳ ላይ ግን የዱላውን ፊት መካከል ማግኘት ያስቸግራል። ለብዙ አረጋውያን ከተለመደው ግማሽ ወይም አንድ ኢንች ያጠረ ድራይቨር የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

በሱቅ ውስጥ እንዴት ይመረጣል?

ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ የሌለው ባለሱቅ በጥያቄ ሊረዳው ይችላል። «በትልቁ ዱላ ሲመቱ ኳሱ በአየር ላይ ምን ያህል ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከ165 እስከ 183 ሜትር አካባቢ ከሆነ A ምልክት ያለበት ዘንግ ሊስማማ ይችላል፤ ከዚያ ካነሰ L ይታይ።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ መሆኑን የአዲስ አበባ ነጋዴ መርሳት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ኳሱን የሚይዘው ኃይል ያንሳል፤ ለጠንካራ መቺ የርቀቱ ጭማሪ ከመቶ እስከ 10 ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ለዘገምተኛው ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ 185 ሜትር የሚመታ ሰው በሰንጠረዡ ላይ ከእውነተኛ ፍጥነቱ የበረታ መስሎ ይታያል፤ ሻጩም ከሚገባው የጠነከረ ዘንግ ይሰጠዋል። ከዚህም በላይ ስስ አየር ኳሱን ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል ጭምር ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ለሚጫወት አረጋዊ በሁለት ደረጃ መካከል ጥርጥር ሲፈጠር፥ የሚለመጠውን ዘንግና ተጨማሪ ዲግሪ ያለውን ራስ መምረጥ ትክክል ነው።

አስመጪው ለአስተዋይ ባለሱቅ ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ዕርዳታ የመሞከሪያ ዱላ ነው። በ L፥ በ A እና በ R ዘንግ የተሠራ አንድ አንድ 7 ቍጥር አይረንና አንድ አንድ ድራይቨር ካለ፥ ደንበኛው በእጃቸው ሞክረው ይመርጣሉ። ስድስት የመሞከሪያ ዱላ ለማስመጣት የሚወጣው ገንዘብ አንድ ሙሉ የማይሸጥ ጥቅል በመጋዘን ከማስቀመጥ ያነሰ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃ አመዳደብ ሙሉው ዱላ በቍጥር 9506.31፥ ኳሱ በ9506.32፥ ሌላው የጎልፍ ዕቃ በ9506.39 ስለሚመደብ፥ በደረሰኝ ላይ እነዚህን ለይቶ ማስጻፍ በጉምሩክ ከሚፈጠር ክርክር ያድናል። እንዲሁም የግራ እጅ ተጫዋች መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የቀኝ ዱላ ለግራ እጅ አይሆንም።

ሊደበቅ የማይገባው ነገር

ኳሱን ከሕግ ወሰን በላይ የሚያፈናጥር ድራይቨር በጃፓንና በሌላም አገር ለአረጋውያን ተብሎ ይሸጣል። መሸጡ ወንጀል አይደለም፤ ለመዝናኛ የሚፈልገውም ሰው ሊገዛው ይችላል። ነገር ግን የጎልፍን ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ አካላት፥ ማለት የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርና አር ኤንድ ኤ፥ የተፈቀዱትን የድራይቨር ራሶች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከዚህ ወሰን ያለፈ ዱላም ሕጉ በሚከበርበት ውድድር አይፈቀድም። እንደዚሁም ረጅሙ ፓተር ወገባቸውን ለሚያማቸው ይጠቅማል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ጫፉን በደረት ወይም በሆድ ላይ ተክሎ መምታት ተከልክሏል። ሻጩ ይህን ሁሉ ከሽያጩ በፊት መናገር አለበት። በጓደኞቻቸው ፊት ዱላቸው ከውድድር የተመለሰባቸው ሽማግሌ ወደዚያ ሱቅ ዳግመኛ አይመለሱም፤ ምክንያቱንም ለሌላው ሳይናገሩ አይቀሩም።

አስመሳይ ዕቃም እንዲሁ ነው። የታወቁ ፋብሪካዎች ዱላዎች በተደጋጋሚ በሐሰት ይሠራሉ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ዝቅ ያለ ጥቅል ሲቀርብ፥ ከፋብሪካው ወይም ከሕጋዊ ወኪሉ ሳያረጋግጡ መግዛት ትርፍ መስሎ የሚመጣ ኪሳራ ነው።

በመጨረሻም ወደ መጀመሪያዎቹ ደንበኛ እንመለስ። ሻጩ ስለ ዕድሜያቸው አንድ ቃል ሳይናገር ሊያገለግላቸው ይችላል። ስለ ሰውዬው መናገሩን ትቶ ስለ ዱላው ይናገር። «ኳሱ እስከ የት ይሄድልዎታል? ከተጫወቱ በኋላ የሚያምዎ ቦታ አለ? ዱላውን ራስዎ ይሸከማሉ ወይስ ሰው ይይዝልዎታል? በውድድር ይሰለፋሉ ወይስ ለመዝናናት ነው?» እነዚህን አራት ጥያቄዎች በትሕትና ጠይቆ፥ የእጃቸውን አንጓ ለክቶ፥ ሦስቱን የመሞከሪያ ዱላዎች ቢያቀብላቸው፥ የሚስማማቸውን እጃቸው ራሱ ይነግራቸዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በሩብ ሰዓት ከሚያልቀው ሽያጭ ይልቅ በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ ደንበኛው ጨዋታቸውን፥ ባለሱቁም ደንበኛውን ለብዙ ዓመት ያተርፋሉ።